በስልክ ዘመን በቃል ማስላት፦ ከግምት እስከ ማረጋገጫ የሚዘልቅ መመሪያ

በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ከማናችንም በላይ ፈጥኖና ሳይደክም እንደሚያሰላ የሚክድ የለም። ታዲያ ልጅን የብዜት ሠንጠረዥ ማስጠናት ወይም ዐዋቂ ሰው 15 በመቶን በቃሉ እንዲያወጣ ማለማመድ ለምን ያስፈልጋል? ስልኩ የሚያሰላው የጻፍነውን ብቻ ነው፤ ልንጽፍ ያሰብነውን አያውቅም። በቴሌብር 1,500 ብር ለመላክ የተነሣ ሰው ጣቱ አንድ ዜሮ ቢጨምር፣ በሒሳቡ ውስጥ ገንዘቡ እስካለ ድረስ፣ 15,000ውን የሚጠራጠርለት የለም። የኩንታሉን ዋጋ በኪሎው ቦታ ያስገባ ነጋዴም፣ ነጥቡን ያለ ቦታው የጻፈ የሒሳብ ሠራተኛም ከማሽኑ የሚያገኙት ለተሳሳተ ጥያቄ የተሰጠ ትክክለኛ መልስ ነው።

ስለዚህ በቃል የማስላት ጥቅም ቦታውን ለወጠ እንጂ አልቀረም። ቀድሞ ሰው በቃሉ ያሰላ የነበረው መልሱን ለማግኘት ነበር፤ ዛሬ ግን ዋናው ፋይዳው መልሱ በስልኩ ላይ ከመታየቱ በፊት ምን ያህል ሊሆን እንደሚገባው ማወቅና የወጣውን ቁጥር አይቶ «ይህስ ሊሆን አይችልም» ማለት መቻል ነው። ይህ መመሪያ የተሰናዳው በዚሁ ሐሳብ ስለሆነ ስሌቱ ሁሉ ከትልቁ አኃዝ ይጀምራል፤ ማረጋገጫውም ከስሌቱ እኩል ቦታ ይሰጠዋል። በመርካቶ እህል በረንዳ የሚሠሩ ነጋዴዎችም ሆኑ የአሥራ ሁለት ተሳፋሪ ሒሳብ እየሰበሰበ መልስ የሚሰጥ የታክሲ ረዳት የተለየ ተሰጥኦ ኖሯቸው አይደለም እንዲህ የሚፈጥኑት፤ ጥቂት ዘዴዎችን ደጋግመው ስለሚጠቀሙ ነው። እነዚያን ዘዴዎች በቅደም ተከተል እንመልከት።

ደረጃ 1፦ መነሻ ቁጥሮችን በቃል መያዝ

በቃሉ የሚያሰላ ሰው ሳያስብ ከአፉ የሚወጡለት ጥቂት ቁጥሮች ሊኖሩት ይገባል። እነዚህ ካልተያዙ አእምሮ ጉልበቱን ሁሉ 7 ጊዜ 8 ስንት እንደሆነ በመፈለግ ላይ ይጨርስና ዋናውን ስሌት የት እንዳደረሰው ይረሳል። ብዙ ሰው «ሒሳብ አይሆንልኝም» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው።

መጀመሪያ አሥርን የሚሞሉ ጥንዶች ይያዙ፦ 1 ከ9፣ 2 ከ8፣ 3 ከ7፣ 4 ከ6፣ 5 ከ5። ከዚያ መቶን የሚሞሉትን ይጨምሩ። ደንቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ቤት ያሉት አኃዞች አሥር፣ በአሥር ቤት ያሉት ደግሞ ዘጠኝ መሙላት አለባቸው። ለ37 የሚጎድለው 63፣ ለ82 የሚጎድለው 18 ነው። መጨረሻው ዜሮ የሆነ ቁጥር ሲያጋጥም ግን በአሥር ቤት ያሉት ራሳቸው አሥር ይሞላሉ፤ ለ40 የሚጎድለው 60 ነው።

የብዜት ሠንጠረዡ እስከ 10 ጊዜ 10 ድረስ አንድ መቶ መልሶች ስላሉት ያስፈራል፤ ነገር ግን ሲመረምሩት ትንሽ ነው። የ1፣ የ2፣ የ5 እና የ10 ብዜቶች በራሳቸው ግልጽ ናቸው። 3 ጊዜ 8 እና 8 ጊዜ 3 አንድ ስለሆኑ የተደጋገሙትም ይቀነሳሉ። የሚቀሩት 21 ብቻ ናቸው። የ9 ብዜትን ደግሞ «አሥር ጊዜ ሲቀነስ አንድ ጊዜ» በሚለው መንገድ ማግኘት ይቻላል፤ 9 ጊዜ 7 ማለት 70 ሲቀነስ 7፣ ማለትም 63 ነው። በዚህ መንገድ ከሄድን በእርግጥ መሸምደድ ያለባቸው 15 መልሶች ብቻ ይሆናሉ። ከእነሱም ውስጥ ብዙ ሰው የሚያደናግሩት 6 ጊዜ 7፣ 6 ጊዜ 8፣ 7 ጊዜ 8 እና 8 ጊዜ 8 ናቸውና በእነዚህ ላይ ይበርቱ። 42፣ 48፣ 56፣ 64።

ደረጃ 2፦ ከግራ ወደ ቀኝ መደመር

በትምህርት ቤት የተማርነው መደመር ከቀኝ ይጀምራል፤ የአንድ ቤት ተደምሮ ይጻፋል፣ የተረፈው ይያዛል፣ ወደ አሥር ቤት ይታለፋል። ይህ መንገድ ለወረቀት የተሠራ ነው። ወረቀቱ የተጻፈውን ስለሚይዝልን ከትንሹ ብንጀምር አንጎዳም። በቃል ሲሠራ ግን ከቀኝ የጀመረ ሰው ትንንሾቹን አኃዞች ተሸክሞ እየሄደ ትልቁን መጨረሻ ላይ ያገኘዋል፤ መካከል ላይ ሰው ቢጠራው በእጁ የሚቀረው ጥቅም የሌለው የአንድ ቤት አኃዝ ነው።

487 እና 356ን እንውሰድ። 400 እና 300 ይደመራል፤ 700። 80 እና 50 ሲጨመር 830። 7 እና 6 ሲጨመር 843። ገና በመጀመሪያው እርምጃ ውጤቱ ከ700 በላይ መሆኑን ዐውቀዋል፤ በሁለተኛው ደግሞ የቀረው ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ በአእምሮ የሚያዘው አንድ እያደገ የሚሄድ ቁጥር ስለሆነ ለመርሳትም አይመችም። ድምሩን ሲሠሩ «ሰባት መቶ፣ ስምንት መቶ ሠላሳ፣ ስምንት መቶ አርባ ሦስት» እያሉ በለሆሳስ መጥራት ይረዳል።

ከቁጥሮቹ አንዱ ለሙሉ መቶ ወይም ለሙሉ አሥር ቅርብ ሲሆን ሌላ አጭር መንገድ አለ። 487 ከ500 በ13 ብቻ ይጎድላል። 500 እና 356 ብለው 856 ይያዙና 13 ይቀንሱ፤ 843። የትኛው መንገድ እንደሚሻል የሚወስነው ቁጥሩ ነው፤ ከመጀመርዎ በፊት ቁጥሮቹን አንድ ጊዜ በዐይንዎ መቃኘት ልማድ ይሁንልዎ።

ደረጃ 3፦ መቀነስን እንደ ባለሱቅ መሥራት

ባለሱቅ መልስ ሲሰጥ አይቀንስም፤ ወደ ላይ ይቆጥራል። የ137 ብር ዕቃ ገዝተው ባለ 200 ብር ኖት ቢሰጡት «140» ብሎ ሦስት ብር፣ «200» ብሎ ስልሳ ብር ይጨምርልዎታል፤ መልሱ 63 ነው። በመቀነስ ላይ የሚያስቸግረው መበደር እዚህ የለም። ከ367 እስከ 500 ለማግኘትም 3 ሲጨመር 370፣ 30 ሲጨመር 400፣ 100 ሲጨመር 500፣ በጠቅላላው 133 ይሆናል። ከ1,000 ወይም ከ10,000 ላይ ሲቀነስ ደግሞ የመጨረሻው አኃዝ ከ10፣ ሌሎቹ ሁሉ ከ9 ላይ ይቀነሳሉ፤ 1,000 ሲቀነስ 638 ለማግኘት 3፣ 6፣ 2 እያሉ ከግራ ማንበብ ብቻ ነው፦ 362።

ደረጃ 4፦ ማባዛት፣ ቁጥሩን በመስበር

ማባዛት ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ በገበያም በሥራም አብዛኛው ስሌት እሱ ነውና። መሠረቱ አንድ ነው። የማይመቸውን ቁጥር ወደሚመቹ ክፍሎች ሰብሮ እያንዳንዱን ማባዛትና መደመር ነው።

የቡና ነጋዴዎች ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 17 ለማባዛት የማይመች ቁጥር ይመስላል። ይሁንና 10 እና 7 ብሎ መስበር ይቻላል፤ ወይም 20 ሲቀነስ 3 ብሎ ማየት ይቻላል። ኪሎው 640 ብር ቢሆን በመጀመሪያው መንገድ 6,400 እና 4,480 ተደምሮ 10,880 ይወጣል። በሁለተኛው መንገድ 12,800 ሲቀነስ 1,920፣ ያው 10,880 ነው። አንዱን መንገድ ለስሌት፣ ሌላውን ለማረጋገጫ መጠቀም ይቻላል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ላይ ስህተት አለ ማለት ነው።

በክብደት ሲገዙም መስበሩ ያው ነው። ሁለት ኪሎ ከሦስት ሩብ ሥጋ በኪሎ 800 ብር ከሆነ፣ ስልክ ላይ 2.75 ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «ሦስት ኪሎ ሩብ ጉዳይ» ብለው ያስቡት። 2,400 ሲቀነስ 200፣ 2,200 ነው። በየወሩ 1,500 ብር የሚጥሉ 24 አባላት ያሉት ዕቁብ ደግሞ 24 ሺህ እና የዚያ ግማሽ፣ ማለትም 36 ሺህ ብር ይሰበስባል። ከ15 ጋር የሚባዛ ማንኛውም ቁጥር እንዲህ ይሠራል፤ አሥር እጥፉና የአሥር እጥፉ ግማሽ ይደመራሉ።

ከዚህ ሌላ ሊለመዱ የሚገባቸው አቋራጮች ጥቂት ናቸው። በ5 ማባዛት በ10 አባዝቶ ማጋመስ ነው። በ25 ማባዛት በ100 አባዝቶ ሁለት ጊዜ ማጋመስ ነው። በ99 ማባዛት በ100 አባዝቶ ቁጥሩን አንድ ጊዜ መቀነስ ነው። አንዱ ቁጥር ሲጋመስ ሌላው ቢታጠፍ ብዜቱ አይለወጥምና 35 ጊዜ 16ን ወደ 70 ጊዜ 8 ቀይሮ 560 ማግኘት ይቻላል፤ 45 ጊዜ 12 ደግሞ 90 ጊዜ 6፣ ማለትም 540 ይሆናል። ከአንድ ሙሉ ቁጥር እኩል የሚርቁ ሁለት ቁጥሮች ሲገጥሙ፣ ለምሳሌ 48 እና 52፣ መካከለኛውን 50 በራሱ አባዝተው፣ ርቀቱ 2 በራሱ ሲባዛ የሚወጣውን ይቀንሱ፦ 2,500 ሲቀነስ 4፣ 2,496።

በውጭ አገር የሒሳብ ድረ ገጾች «የኢትዮጵያ ማባዛት» ተብሎ የሚጠራ አንድ ዘዴ አለ። አንዱ ቁጥር እስከ 1 ድረስ ይጋመሳል፣ ሲጋመስ የሚተርፈው ግማሽ ይጣላል፤ ሌላው በየእርምጃው ይታጠፋል። ከዚያ በሚጋመሰው ዓምድ ሙሉ ለሙሉ ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ያለበት መስመር ይሰረዝና በሌላው ዓምድ የቀሩት ይደመራሉ። 13 ጊዜ 24 ሲሠራ አንዱ ዓምድ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይሆናል፤ ሌላው 24፣ 48፣ 96፣ 192። የ6 መስመር ይሰረዛል። 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይወጣል። የጥንት ግብፃውያንም በማጠፍ ላይ በተመሠረተ ተመሳሳይ መንገድ ያባዙ ነበር። ስሙ ደስ ቢያሰኝም በቃል ለመሥራት ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ መያዝ ስለሚጠይቅ፣ በእኔ ግምት ለወረቀት ወይም በጠጠር ለሚቆጥር ሰው የተሻለ ነው። ያው 13 ጊዜ 24 በመስበር ሲሠራ 240 እና 72 ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ መቶኛ

ዕለታዊ ኑሮን የሚነካው ስሌት ይህ ነው፤ ሰው በብዛት የሚታለልበትም ይኸው ነው። ሁሉም መቶኛ ከ10 በመቶ ይጀምር፤ አሥር በመቶ ማለት ነጥቡን አንድ ቤት ወደ ግራ ማሻገር ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ስለሆነ 10 በመቶውንና ግማሹን መደመር ይበቃል። የ1,840 ብር ዕቃ ታክሱ 184 እና 92፣ ማለትም 276 ነው፤ ጠቅላላው 2,116 ይሆናል። በሳዑዲ ዓረቢያ የሚኖሩ አንባቢዎችም ከ2020 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ወዲህ የሚከፍሉት ታክስ እንዲሁ 15 በመቶ ስለሆነ ይኸው መንገድ ያገለግላቸዋል። አሜሪካ ውስጥ በምግብ ቤት 20 በመቶ ጉርሻ ለመተው የሚፈልግ ሰው ደግሞ አሥር በመቶውን ያጥፈው፤ ለ64 ዶላር ሒሳብ 6.40 ሲታጠፍ 12.80 ነው።

ወደ ኋላ መመለስ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታክሱ የተካተተበት ዋጋ 2,300 ብር ከሆነ፣ በውስጡ ያለው ታክስ የ2,300 አሥራ አምስት በመቶ አይደለም። 15 በመቶው የተጨመረው በመነሻው ዋጋ ላይ ነውና ከጠቅላላው ከ23 እጅ 3ቱ ታክስ ነው። 2,300 ለ23 ሲካፈል 100፣ ሦስት ጊዜ 300። መነሻው 2,000 ብር ነበር ማለት ነው። በግምት ለመያዝ ከፈለጉ በደረሰኙ ጠቅላላ ውስጥ ያለው ታክስ 13 በመቶ ገደማ መሆኑን ያስታውሱ።

አንዳንድ ሆቴሎች በምግብ ዝርዝራቸው ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ታክስ እንደሚጨመር ይገልጻሉ። ተመጋቢው 25 በመቶ ነው ብሎ 800 ብር የሚለው ምግብ 1,000 ብር ይደርሳል ብሎ ይጠብቃል። ታክሱ በአገልግሎት ክፍያው ላይም ሲሰላ ግን 800 መጀመሪያ 880 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 88 እና 44 ሲጨመር 1,012 ይደርሳል። መቶኛ በመቶኛ ላይ ሲደራረብ መደመር እንደማይሠራ በዚህ ይታያል። ዋጋውን በ20 በመቶ ከፍ አድርጎ በ20 በመቶ ቅናሽ የሚሸጥ ነጋዴም ወደ መነሻው አይመለስም፤ 100 ብር 120 ሆኖ፣ ከ120 ላይ 24 ሲቀነስ 96 ይቀራል። በዚህ ጊዜ የተጠቀመው ገዢው ነው።

ደመወዝተኛ ሰው የጡረታ መዋጮውን ለማወቅ 7 በመቶን 5 እና 2 ብሎ ይስበረው። ከ12,400 ብር ላይ 5 በመቶ የ10 በመቶው ግማሽ ነው፤ 620። 2 በመቶው 248። ድምሩ 868 ብር ነው። አንድ ተጨማሪ ዘዴም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የ25 አሥራ ስድስት በመቶ ከ16 ሃያ አምስት በመቶ ጋር እኩል ነው። የመጀመሪያው ያስቸግራል፤ ሁለተኛው የ16 ሩብ፣ ማለትም 4 ነው። መቶኛው ሲከብድዎ ሁለቱን ቁጥሮች ቦታ ያለዋውጡ።

ወለድ ሲነሣ ደግሞ 72 የሚለውን ቁጥር ይያዙ። 72 ለወለዱ መጠን ሲካፈል ገንዘቡ እጥፍ የሚሆንበትን ዓመት በግምት ይሰጣል፤ ወለዱ እየተጠራቀመ በዋናው ላይ የሚታሰብ ከሆነ። በ7 በመቶ የተቀመጠ ቁጠባ ከ10 ዓመት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ይታጠፋል። በ18 በመቶ የተወሰደና ያልተከፈለ ብድር ግን በአራት ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። የዋጋ ንረትም በዚሁ ይለካል፤ ዋጋ በየዓመቱ 24 በመቶ ቢጨምር በሦስት ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ማካፈል

እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በ4 ማካፈል ሁለት ጊዜ፣ በ8 ሦስት ጊዜ ማጋመስ ነው። በ5 ማካፈል አጥፎ ለ10 ማካፈል ነው። የኩንታል ዋጋ ወደ ኪሎ ሲለወጥ ሁለት ቤት ይቀነሳል፤ ጤፍ በኩንታል 15,000 ብር ቢሆን ኪሎው 150 ነው። ሁለቱንም ቁጥሮች በእኩል ማሳነስም ይቻላል፤ 1,350 ለ18 ከማካፈል ይልቅ 675 ለ9 ማካፈል ይቀላል፣ መልሱም 75 ነው። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ ሪያሉን ለ15 አካፍሎ በ4 ማባዛት ዶላሩን ይሰጣል። 2,250 ሪያል ለ15 ሲካፈል 150፣ በ4 ሲባዛ 600 ዶላር።

ደረጃ 7፦ ስልኩን ከመክፈት በፊት መገመት

እስከዚህ ያሉት ሁሉ ለዚህ ደረጃ ዝግጅት ነበሩ ማለት ይቻላል። ማንኛውንም ስሌት ወደ ማሽን ከማስገባትዎ በፊት ቁጥሮቹን ወደ አንድ አኃዝ አጠጋግተው መልሱ ስንት ገደማ እንደሚሆን ለራስዎ ይናገሩ። መናገሩ ዋና ነው፤ ያልተነገረ ግምት ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ካየን በኋላ እንደ እሱ ይሆናል።

ርዝመቱ 6.2 ሜትር፣ ወርዱ 4.8 ሜትር የሆነ ክፍል ሴራሚክ ሊነጠፍበት ነው እንበል፤ ካሬ ሜትሩ 950 ብር ነው። 6 ጊዜ 5፣ 30 ካሬ። 30 ጊዜ 1,000 ደግሞ 30 ሺህ፤ 950 ከ1,000 ስለሚያንስ ከ30 ሺህ በታች፣ 28 ሺህ አካባቢ መሆን አለበት። ስልኩ 28,272 ካለ ይስማማል። 282,720 ካለ ወይም 2,827 ካለ ጣትዎ ስቷል። ሲያባዙ አንዱን ቁጥር ወደ ላይ ካጠጋጉ ሌላውን ወደ ታች ያጠጋጉ፤ ስህተቶቹ ይጣፋሉ። ሲያካፍሉ ግን ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ማጠጋጋት ይሻላል።

የውጭ ምንዛሪ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ግምቱን በዕለቱ ዋጋ መሥራት ግድ ነው። አንድ ዶላር 150 ብር በሆነበት ቀን የተላከ 380 ዶላር፣ 38 ሺህ እና ግማሹ 19 ሺህ፣ 57 ሺህ ብር ሆኖ መድረስ አለበት። ተቀባዩ ከዚህ በታች ከደረሰው ልዩነቱ የአገልግሎት ክፍያ ወይም የሌላ ምንዛሪ ዋጋ ነውና መጠየቅ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ሦስት ማረጋገጫዎች

ግምት የቁጥሩን መጠን ይጠብቃል፤ በመካከል ያለ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ግን አያየውም። ለዚህ ሁለት ሌሎች ማረጋገጫዎች አሉ። የመጀመሪያው የመጨረሻውን አኃዝ ማየት ነው። 47 ጊዜ 68 በ7 ጊዜ 8፣ ማለትም በ56 መጨረሻ አኃዝ፣ በ6 ማለቅ አለበት።

ሁለተኛው ዘጠኝን መጣል የሚባለው ጥንታዊ ዘዴ ነው። የእያንዳንዱ ቁጥር አኃዞች አንድ አኃዝ እስኪቀር ድረስ ይደመራሉ። 47፣ 11 ሆኖ 2 ይሆናል። 68፣ 14 ሆኖ 5 ይሆናል። 2 ጊዜ 5፣ 10፣ እሱም 1። መልሱ 3,196 ሲደመር 19፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1። ተስማሙ። ካልተስማሙ በእርግጥ ስህተት አለ፤ ከተስማሙ ግን ትክክል የመሆን ዕድሉ ሰፋ እንጂ አልተረጋገጠም። ለምን ቢባል፣ 3,196ን 3,916 ብሎ አኃዞቹን አዛውሮ የጻፈ ሰው በዚህ ማጣሪያ አይያዝም፤ ዜሮ የጨመረም እንዲሁ። እነዚያን የሚይዘው የመጠን ግምቱ ነው። ሦስቱ አብረው መሥራት ያለባቸው አንዱ የሚያልፈውን ሌላው ስለሚይዝ ነው።

ደረጃ 9፦ ቀሪን በቃል መያዝ፣ ከባሕረ ሐሳብ

በአገራችን በቃል የማስላት ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ ለዘመናት ኖሯል። ባሕረ ሐሳብ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጣ ስሌት ሲሆን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በማካፈልና ቀሪን በመያዝ ላይ የቆመ ነው። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ጓዳችን ውስጥ ያለ ነገር አላገኘሁም።

የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን የዋለበትን ዕለት እናውጣ። ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረው 5,500 ዓመት ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ፣ ማለትም ከፍጥረት ጀምሮ ያለው ዘመን፣ 7,518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል ድርሻው፣ መጠነ ራብዒት የሚባለው፣ 1,879፣ ቀሪው 2 ነው። ቀሪው ወንጌላዊውን ይነግረናል፤ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ከዚያ 7,518 እና 1,879 ይደመራሉ፤ 9,397። ይህ ለ7 ሲካፈል የሚቀረውን ለማግኘት ድርሻው ስንት እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም፤ የ7 ብዜቶችን እየጣሉ መውረድ ይበቃል። 9,100 ሲጣል 297፣ 280 ሲጣል 17፣ 14 ሲጣል 3 ይቀራል። ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ እንዲህ እያለ 6 እሑድ፣ ሳይተርፍ ሲቀር ሰኞ ነው። ሐሙስ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ የዓመቱን ማንኛውንም ቀን ማግኘት ይቻላል። ከጳጉሜን በቀር ወራታችን 30 ቀን ስለሆኑና 30 ለ7 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ፣ በዓመቱ ውስጥ የሚቀጥለው ወር መባቻ ሁልጊዜ ሁለት ዕለት ወደ ፊት ይሄዳል። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1 ረቡዕ ነው። ታኅሣሥ 29 ከታኅሣሥ 1 በ28 ቀን፣ በአራት ሙሉ ሳምንት ስለሚርቅ የ2018 ገና ረቡዕ ዋለ። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚሆን አንድ ዕለት ወደ ኋላ ይመለሳል። ጥምቀትን እርስዎ ይሞክሩት።

ቀጣዩ እርምጃ ትልቅ ቁጥርን እንዴት እንደሚያቃልሉት ያሳያል። ለአጽዋማትና ለበዓላት ስሌት መነሻ የሚሆነውን፣ ወንበር የተባለውን ቁጥር ለማግኘት የሚፈለገው ዓመተ ዓለሙ ለ19 ሲካፈል የሚቀረው ቁጥር ነው። ሊቃውንቱ ግን በቀጥታ ለ19 አያካፍሉም፤ መጀመሪያ በዐቢይ ቀመር፣ በ532፣ ቀጥሎ በማዕከላዊ ቀመር፣ በ76፣ በመጨረሻ በንዑስ ቀመር፣ በ19 ይገድፋሉ፤ መግደፍ ማለት ብዜቱን ጥሎ ቀሪውን መያዝ ነው። 532 ሰባት ጊዜ 76 ነው፤ 76 ደግሞ አራት ጊዜ 19። ስለዚህ ቀሪው አይዛባም፣ ቁጥሩ ግን ወዲያው ያንሳል። 532 በ14 ሲባዛ 7,448 ነው፤ ከ7,518 ላይ 70 ይቀራል። 70 ከ76 ስለሚያንስ ወደ 19 ይታለፋል፤ 57 ሲጣል 13። ከዚህ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ከወንበሩ ደግሞ ለበዓላቱ ስሌት የሚያገለግሉ፣ አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። 11 እና 19 ሠላሳ ስለሚሞሉ አበቅቴና መጥቅዕም ሁልጊዜ 30 ይሞላሉ፤ ስሌቱ ማረጋገጫውን በራሱ ውስጥ ይዟል። በደረጃ 8 ያየነው ጥበብ በሌላ መልኩ እዚህም አለ።

ደረጃ 10፦ ልምምዱና የማሽኑ ድርሻ

ለልምምድ የተለየ ደብተር አያስፈልግም። ወረፋ ላይ ሲቆሙ ከፊት ያለውን መኪና ሰሌዳ አኃዞች ይደምሩ፤ ደረሰኝ ሲቀበሉ ታክሱን በቃልዎ አውጥተው ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ፤ ሱቅ ገብተው የሚገዟቸውን ዕቃዎች ዋጋ ወደ ሙሉ አሥር እያጠጋጉ ድምሩን ከባለሱቁ በፊት ይያዙ። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፣ ሳይቋረጥ ከሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍጥነትን አይለኩ፤ ፍጥነት ከትክክለኛነት በኋላ ይመጣል።

ለልጆች ሲሆን ጣት መቁጠርን አይከልክሉ፤ አሥርን የሚሞሉ ጥንዶች ሲያዙ ጣቱ ራሱ ይቀራል። ልጁ መልሱን ሲሰጥ «ትክክል ነው» ከማለት በፊት «እንዴት አገኘኸው?» ብለው ይጠይቁ፤ ሁለት ልጆች 17 ጊዜ 6ን በሁለት መንገድ ሰብረው አንድ መልስ ሲያገኙ ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ይማራሉ። በሰዎች ፊት ማፋጠንና ማሳፈር ግን ብዙ ልጆችን ከሒሳብ ያራቀ ልማድ ነው። በከተሞች በአባከስ የቃል ስሌት የሚያስተምሩ ማዕከላት አሉ፤ ጃፓኖች ሶሮባን በሚሉት የእንጨት መቁጠሪያ ላይ የሚሠሩ ልጆች በኋላ መቁጠሪያውን በአእምሯቸው እየሣሉ በሚገርም ፍጥነት ይደምራሉ። ትምህርቱ ጠቃሚ ነው። ሆኖም ፍጥነት ብቻውን ግምትንና መቶኛን ስለማያስተምር ወላጅ ሌላውን በቤት መሙላት አለበት። ካልኩሌተርን ደግሞ ልጁ ግምቱን በወረቀት ጥግ ከጻፈ በኋላ ይስጡት።

ረጅም የዕቃ ዝርዝር መደመር፣ ለገቢዎች የሚቀርብ ሰነድ፣ የበርካታ ዓመታት ወለድ፣ የመድኃኒት መጠን፣ እነዚህ ሁሉ የማሽን ሥራ ናቸው፤ የመጨረሻው ደግሞ የሁለተኛ ሰው ዐይንም ይጠይቃል። በእነዚህም ላይ ግምቱ ይቀድማል። ማሽኑ ያወጣው ቁጥር ከግምትዎ በአሥር እጥፍ ከራቀ መጀመሪያ የዜሮዎቹን ብዛትና የነጥቡን ቦታ ይመልከቱ። በእጥፍ ወይም በግማሽ ከራቀ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ገብቶ ወይም ተዘልሎ እንደሆነ ይፈትሹ። ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ደግሞ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው ሊሆን ይችላልና በዝርዝሩ ውስጥ 63 በ36 ቦታ፣ 81 በ18 ቦታ የገባበትን መስመር ይፈልጉ።